ጢምና ኮሌታ

ሽታው መጀመሪያ የደረሰው መምህሩ አፍንጫ ላይ ነው። ተላጭቶ ሳይጨርስ፣ ግማሽ አገጩ አረፋ እንደለበሰ ቀጥ ብሎ ቆመና ሚስቱን በመስታወቱ ውስጥ አያት። እሷም ሸቷታል። የሻይ ብርጭቆ እንደያዘች ከጠረጴዛው አጠገብ ቆማለች። ከመጋረጃው ማዶ፣ ከአማቱ ክፍል፣ የሬዲዮ ተከታታይ ድራማ ይሰማል፤ አንድ ሰውዬ ከዳችኝ እያለ ያለቅሳል፤ አማቱም ለራሳቸው «እሰይ፣ ደግ አደረገች» ይላሉ። ካውያው በዚያች ሰዓት የት እንዳረፈ የሚያውቀው ሸሚዙ ብቻ ነበር።

ትንሽ ቆይተው አማቱ ሸሚዙን እንደ ሕፃን ታቅፈው ብቅ አሉ። ኮሌታውን ወደ ፊት አድርገው ይዘውታል። ኮሌታው በእውነቱ የሚያስደንቅ ነበር። በሩዝ ውኃ ነክረው፣ በጥላ አድርቀው፣ ጫፍና ጫፉን በካውያው አፍንጫ እየተጫኑ ስለሚተኩሱት እንደ አዲስ ሳህን ነጭና ጠንካራ ነው። «እንዲህ ያለ ኮሌታ በየትኛው ሱቅ ይገኛል? እስኪ ንገሩኝ» አሉ። መምህሩም «የትም አይገኝም እማማ፣ እጅዎ ይባረክ» ብሎ ተቀበላቸውና ጀርባውን ሳያይ ለሚስቱ አቀበላት። ሚስቱ አገላብጣ አየችው። መሐል ጀርባው ላይ የካውያው ቅርጽ ቁልጭ ብሎ፣ ቡናማ ሆኖ ታትሟል። መሳቢያውን ከፍታ መቀሱን አወጣች።

ይህ ሦስተኛው መሆኑ ነው። መምህሩ ሦስት ነጭ ሸሚዞች ነበሩት፤ ሁለቱ ባለፈው ዓመት፣ ድራማው ላይ ሁለት ሰዎች በሞቱባቸው ሁለት ጠዋቶች ጀርባቸውን አጥተዋል። ባልና ሚስቱ ለአማቱ አንድም ነገር እንዳይናገሩ የሚያደርግ ምክንያት ነበራቸው። ሴትየዋ ዓይናቸው ደከም ካለ ወዲህ ወጥ ቤት አይግቡ ተባሉ፤ ልብስ አይጠቡ ተባሉ፤ ገበያማ ጭራሽ የሚታሰብ አልሆነም። የቀረላቸው ካውያ ብቻ ነው። አንድ ቀን ለጎረቤት «ካውያውንም ከወሰዱብኝ እኔ እዚህ ቤት እንደ ቁም ሣጥኑ ነኝ» ሲሉ ልጃቸው ሰምታ አልቅሳለች። ከዚያ ወዲህ በዚህ ቤት ስለ ካውያ ክፉ አይወራም። ሸሚዙን መጣፍም አልተቻለም፤ መጣፍ ማለት ተቃጥሎ ነበር ማለት ነው። አዲስ መግዛትም ያው ነው፤ አንድ ደህና ሸሚዝ የሳምንት አስቤዛ የሚውጥ ከመሆኑ በላይ፣ የድሮው ምን ሆነ የሚል ጥያቄ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ሚስቱ የተቃጠለውን ጀርባ ከኮሌታው ሥር እስከ ታች ቆርጣ ታወጣለች፤ ጎንና ጎኑ እንዳይበታተን ጥብጣብ ትሰፋለታለች፤ አንዱ ትከሻው መሐል፣ ሌላው ወገቡ ላይ ይታሰራል። አማቱም ጀርባ የሌለውን ሸሚዝ በየሳምንቱ ሲተኩሱ ጀርባው የት ሄደ ብለው ጠይቀው አያውቁም።

ሁሉን የሚሸፍነው ጋዋኑ ነው። በዚያ ትምህርት ቤት መምህራን ሁሉ እስከ ጉልበት የሚወርድ ነጭ ጋዋን ይለብሳሉ፤ ደረት ላይ ሲቆለፍ የሚታየው ኮሌታና ክራቫት ብቻ ነው። የመምህሩም ኮሌታ በመላው ግቢ የታወቀ ስለሆነ ተማሪዎቹ «ጋሽ ኮሌታ» ነው የሚሉት። ዳይሬክተሯ የሥነ ምግባርና የአለባበስ ኮሚቴ ሲያቋቁሙ ማንን ሰብሳቢ እናድርግ ብለው እንኳ አላማከሩም፤ ኮሌታውን አይተው ሾሙት። እሱም ሹመቱን እንደ ቀልድ አልያዘውም። ሰኞ ሰኞ ጠዋት የመምህራን ማረፊያው በር ላይ ቆሞ የባልደረቦቹን ጫማ፣ ጥፍርና አገጭ ያያል። የሒሳብ መምህሩን አንድ ጊዜ ሁለት ዓይነት ካልሲ አድርገሃል ብሎ ከበር ወደ ቤቱ መልሶታል።

«ዛሬ እንኳ ሙሉ ሸሚዝ ልልበስ ብዬ ነበር» አላት ሚስቱን በሹክሹክታ፣ እሷ ከኋላው ሆና ጥብጣቡን ስታስር።

«ጀርባህን ማን ያይልሃል?»

«ሰብሳቢ ነኝ እኮ። ዛሬ ሰው ልንዳኝ ነው።»

«ሰብሳቢ ፊት ለፊት ነው የሚቀመጠው» አለችና ቋጠሮውን ደገመችው። «ዝም ብለህ ጎንበስ አትበል።»

ከሥር ካናቴራ ቢያደርግ ደስ ባለው። ነገር ግን ቀድሞ ሞክረውታል፤ ጥብጣቡ ካናቴራው ላይ እየተንሸራተተ ኮሌታውን ወደ ጆሮው ይጎትተዋል። ስለዚህ ከፊት ከውጭ አገር የመጣ አምባሳደር መስሎ፣ ከኋላ ሊታጠብ የተዘጋጀ ሰው ሆኖ፣ ጋዋኑን ከቤቱ ለብሶ ወጣ።

የዕለቱ ተከሳሽ የአንደኛ ክፍል መምህርቷ ነበረች፤ ገና ከሥልጠና የወጣች፣ ሳቂታ ልጅ። ጉዳዩ የተፈጠረው ትናንት ነው። ስለ ድመት እያስተማረች «እኔ አሁን ድመት ነኝ» ብትል ከፊተኛው ወንበር አንዲት ሕፃን እጇን አውጥታ «ድመት ጢም አላት፤ ቲቸር የላትም» አለቻት። ክፍሉም በሙሉ ከሕፃኗ ጋር ተስማማ። መምህርቷ ትምህርቱ እንዳይበላሽ ብላ ያገኘችውን ማርከር አነሣችና በግራ ሦስት፣ በቀኝ ሦስት ጢም ጉንጮቿ ላይ አሰመረች፤ አፍንጫዋንም አጠቆረች። ልጆቹ ረኩ። ማርከሩ ግን ከዕቃ ግምጃ ቤት የመጣ፣ በርሜል ላይ የሚጻፍበት ኖሯል። በዚሁ መሐል በሩ ተከፈተና ዳይሬክተሯ ከሁለት ተቆጣጣሪዎች ጋር ገቡ። መምህርቷ ቀጥ ብላ ቆማ፣ በሙሉ ሥነ ሥርዓት፣ የክፍሉን ተማሪዎች ብዛትና የዓመቱን ዕቅድ አስረዳች። አንደኛው ተቆጣጣሪ አንድም ቃል አልሰማም፤ ጢሟን ነበር የሚያየው። ሁለተኛው፣ ሽማግሌው፣ ደግሞ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ወለወሉ፣ አደረጉ፣ እንደገና አወለቁ። ማንም ምንም አልጠየቀም። ከሰዓት በኋላ ግን «እርምጃ ውሰዱና አሳውቁን» የሚል ስልክ ተደወለ። ልጅቷ የሙከራ ጊዜዋን አልጨረሰችም። በሙከራ ላይ ያለ መምህር የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ከተሰጠው ደግሞ ይሰናበታል፤ ደንቡ እንዲያ ነው።

መምህሩ ትምህርት ቤቱ በር ላይ አገኛት። አፏን በሻርፕ ሸፍናለች።

«አልለቀቀም?»

«የአፍንጫዬ ለቋል ጋሼ። ጢሙ ግን…» ሻርፑን ዝቅ አደረገችው። ስድስቱም በየቦታቸው አሉ።

«በምን ሞከርሽ?»

«በሳሙና፣ በሎሚ፣ በጥርስ ሳሙና። ጥበቃው በነጭ ጋዝ ሞክሪው አለኝ፤ ቆዳዬ ተላጠ፣ ጢሙ ንቅንቅ አላለም።»

«የመምህር ገጽታ ቀላል ነገር አይደለም ልጄ» አላት፣ እንደ ወትሮው ኮሌታውን በሁለት ጣቱ እየነካ። ይህን ሲል የጠዋቱ ንፋስ ጋዋኑን ገለብ አድርጎ ከሥር ገባና ባዶ ጀርባውን ዳሰሰው። የቀረውን ምክር ዋጠው። ትናንት ማታ ሲተኛ ማስጠንቀቂያው እንደሚገባት ወስኖ ነበር። ዛሬ ግን እርግጠኛ አልነበረም።

ኮሚቴው በረጅሙ እረፍት ላይ የትምህርት መርጃ መሣሪያዎች በሚቀመጡበት ክፍል ተሰበሰበ። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ፀሐይዋ አናት ላይ ወጥታለች። ጠረጴዛው ላይ አንድ አንገቷ የላላ የመሬት ሉል አለች፤ ግድግዳው ላይ የሰው የምግብ መፍጫ ሥዕል ተሰቅሏል። ከዳይሬክተሯ ሌላ አባላቱ ሦስት ናቸው፤ ሰብሳቢው፣ የሒሳብ መምህሩና የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ። ዳይሬክተሯ ድምፅ አይሰጡም። ሲቀመጡ ተማሪዎች ተደራርበው በመስኮት ሲያሾልቁ አዩና መስኮቱን አዘጉ። ወዲያው ክፍሉ እንደ ዳቦ መጋገሪያ ጋለ።

«ኧረ ጋዋናችሁን አውልቁ። እዚህ ተማሪ የለም» አሉ ዳይሬክተሯ፣ የራሳቸውን እያወለቁ።

የሒሳብ መምህሩ አወለቀ። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋም አወለቀች። ሰብሳቢው ጋዋኑን ይበልጥ ቆለፈና «እኔ ብርድ ብርድ ይለኛል» አለ።

ሁሉም ዞረው አዩት። ከግንባሩ የወረደ ላብ አገጩ ላይ ደርሶ ኮሌታው ላይ ጠብ አለ። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ ርኅሩኅ ሴት ናት፤ «ውይ ወንድሜ፣ ላቡ የትኩሳት ነው» ብላ ከወንበሯ ጀርባ ወፍራም ሹራቧን አነሣችና ትከሻው ላይ ጣል አደረገችለት። አይሆንም ሊል ቢሞክር «ዝም በል፣ ባለቤቴ እንዲህ ጀምሮት ነው ሳምንት የተኛው» ብላ ገሠጸችው። ዳይሬክተሯም ለጽዳት ሠራተኛዋ ትኩስ ሻይ አምጪለት ብለው ላኩ። የሒሳብ መምህሩ ደግሞ ተነሥቶ ትንሽ ክፍት ቀርታ የነበረችውን በር ገጥሞ ዘጋለት። ሰብሳቢው በጋዋን ላይ ሹራብ፣ በሹራብ ላይ ሐዘኔታ ተደርቦበት፣ የሚፋጅ ሻይ በሁለት እጁ ይዞ ስብሰባውን ከፈተ።

የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ ነገሩን አላስረዘመችውም። ልጅቷ ለማስተማር ብላ ነው፤ ማስጠንቀቂያ አያስፈልግም አለች። የሒሳብ መምህሩ ግን ተነሥቶ ቆመ። ረዘም ያለ፣ ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ እንኳ መስመሩን በማስመሪያ የሚያሰምር ሰው ነው። «እኔ ልጅቷን አልጠላትም» አለ። «ግን ደንብ ካለ ለሁሉም ነው። የመጡት እንግዶች ምን አዩ? ድመት አዩ። ነገ ስለ ዝሆን ስታስተምር ምን ልታደርግ ነው? እኔ ማስጠንቀቂያ እላለሁ።» ተቀመጠ። አንድ ለአንድ ሆነ። ሁሉም ወደ ሰብሳቢው ዞሩ።

መምህሩ ሻዩን ፉት አለ። በጀርባው ቦይ ላቡ ሲወርድ፣ የታችኛው ጥብጣብ ላይ ሲደርስ ቆም ሲል፣ ከዚያ አልፎ ሲቀጥል ይሰማዋል። «እኔም» አለ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ይቅር ቢባል ነው የምለው።»

የሒሳብ መምህሩ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻል ነበር። ቀስ ብሎ ነው የተናገረው። «ይቅር» አለ። «ጥሩ ነው። እኔን ለካልሲ ከበር መልሰኸኛል፤ አልረሳኸውም። ግራው ግራጫ ነበር፣ ቀኙ ቡናማ። ጨለማ ውስጥ ነው የለበስኩት፤ መብራት ጠፍቶ ነበር። ይህንን ነግሬህ ነበር። ምን አልከኝ? ‹መምህር ልብሱ በጨለማም በብርሃንም አንድ ነው› አልከኝ። ተማሪዎቼ አጥሩ ሥር ቆመው እያዩኝ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ታዲያ ለእኔ ካልሲ ያልተገኘ ይቅርታ ለድመት ጢም ከየት መጣ? ሰው ለይተህ ነው? መልስልኝና ድምፄን እስባለሁ።»

ዳይሬክተሯ የመሬት ሉሏን በጣታቸው ዞር አደረጓት። መምህሩ መልስ ፈለገ። ሰውዬው እውነቱን ነው። ዝም ካለ ሰው ይለያል ይባላል፤ ሐሳቡን ከለወጠ ልጅቷ ወሩን ሳትጨርስ ጓዟን ትይዛለች። ሌላ መልስ አልነበረውም፤ ያለው መልስ ደግሞ የለበሰው ነው። ሻዩን አስቀመጠ። ሹራቡን አጥፎ ለቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ መለሰላት። ተነሣ። ጋዋኑን ከላይ ወደ ታች አንድ በአንድ ፈታ፣ አወለቀ፣ ወንበሩ ላይ ሰቀለው። ፊት ለፊት የቆመው ያው ጋሽ ኮሌታ ነው፤ ነጭ ሸሚዝ፣ የተስተካከለ ክራቫት። ከዚያም ወደ ምግብ መፍጫው ሥዕል ዞረ።

የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ «በሞትኩት» አለች በቀጭን ድምፅ። የዳይሬክተሯ ጣት ከሉሏ ላይ ወረደ፤ ሉሏ ለብቻዋ ትዞራለች። መምህሩ ፊቱን ግድግዳው ላይ እንደተከለ፣ ስለ ካውያው፣ ስለ ድራማው፣ ስለ አማቱ፣ ስለማይነገረው ነገር ሁሉ ለትንሹ አንጀት አስረዳ። የሒሳብ መምህሩ ከወንበሩ ተነሥቶ ሲጠጋ ኮቴውን ሰማ። ሰውዬው ጎንበስ ብሎ ጥብጣቡን ይመረምር ጀመር።

«ሦስቱም ሸሚዞች?»

«ሦስቱም። ይኸኛው የዛሬ ነው።»

«ካልሲዬን የያዝክብኝ ቀንስ?»

«ያን ቀን የለበስኩት ሁለተኛውን ነበር።»

የሒሳብ መምህሩ ጥቂት አሰበ። «የኔ ካልሲ» አለ በመጨረሻ፣ «ቢያንስ ተረከዝ ነበራት።» ወደ ቦታው ተመለሰና ተቀመጠ። ፊቱ ላይ ለብዙ ጊዜ የተሸከመው ሸክም የወረደለት ሰው መልክ ይታያል። «ድምፄን ስቤያለሁ። ማስጠንቀቂያው ይቅር። ብቻ ከዛሬ ወዲያ ሰኞ ሰኞ በር ላይ የምትቆም ከሆነ መጀመሪያ አንተ ትዞራለህ።»

«ያየነው ከዚህ ክፍል አይወጣም» አሉ ዳይሬክተሯ። ከንፈራቸው ይንቀጠቀጣል፤ ሳቃቸውን ለማፈን እየታገሉ ነው። «ለተቆጣጣሪዎቹ ማርከሩ ተወግዷል ብዬ እመልሳለሁ። በል፣ ደወሉ ሳይደወል ሂድና ንገራት፤ ያቺ ልጅ እዚያ ሆና ነፍሷ ወጣ።»

መምህሩ ሰውነቱ ቅልል ብሎት ነበር። እጅ ነሣ። ለዳይሬክተር ጀርባ መስጠት ነውር ስለሆነ፣ ዛሬ ደግሞ አንድ ጊዜ ስለሰጣቸው፣ ፊቱን ወደ እነሱ እንዳደረገ ወደ ኋላ እየተራመደ በሩን በእጁ ዳብሶ ከፍቶ ወጣ። ሦስቱም ያዩት ኮሌታውን ስለሆነ ማንም የጎደለ ነገር አላየም። ጋዋኑ ወንበሩ ላይ ቀረ።

ግቢው በተማሪ ተሞልቷል። መምህርቷ ከማስታወቂያ ሰሌዳው ሥር ካለችው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ሻርፗን ጥርሷ ውስጥ ይዛለች። ሲመጣ አይታ ብድግ አለች። እሱም ፊቷ ቆሞ ክራቫቱን አስተካከለ።

«ኮሚቴው ጉዳይሽን መርምሮ ያለ ማስጠንቀቂያ እንድትቀጥይ ወስኗል» አላት።

ልጅቷ ሻርፗን ለቀቀችው። ስድስቱ ጢሞቿ በአንድ ጊዜ ወደ ላይ ወጡ። «ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እኔ እኮ ጓዜን አጣጥፌ ነው የመጣሁት።»

«እንግዲህ ከዚህ በኋላ ተጠንቀቂ። ተማሪ ከፊትም ከኋላም ነው የሚያየን። ንጹሕ፣ የተሟላ፣ የማያሳፍር አለባበስ ያስፈልጋል። እኔ ስነግርሽ ቅር አይበልሽ፤ እንደ ልጄ ስለማይሽ ነው።»

«እሺ ጋሼ።»

ራሱን በእርካታ ነቀነቀና ወደ ሦስተኛ ክፍል ለመሄድ ዞረ። መምህርቷ አየች። መጀመሪያ ዓይኗን አላመነችም። ባዶ ጀርባ፣ መሐሉ ላይ በቄንጥ የታሰሩ ሁለት ጥብጣቦች፣ አንደኛው እንደ ስጦታ ዕቃ። አፏን ከፈተች፤ ግን ምን ይባላል? ከውኃ ቧንቧው አጠገብ የነበሩ ልጆች መጠጣት አቆሙ። አንዱ ሌላውን በክርኑ ነካ። ያኔ መምህርቷ አላመነታችም፤ ሮጣ ደረሰችና ከኋላው ተለጥፋ፣ ደረቷን ለጀርባው መጋረጃ አድርጋ፣ ጋዋኗን በሁለት እጇ ወደ ጎንና ወደ ጎን ወጥራ፣ እግሯን ከእግሩ ጋር እኩል እያነሣች መሄድ ጀመረች። የአንደኛ ክፍል ልጆች አስተማሪያቸውን ሲያዩ አዲስ ጨዋታ የመጣ መሰላቸው፤ መጀመሪያ ሦስት፣ ከዚያ አሥር፣ ከዚያ ክፍሉ በሙሉ ከኋላዋ ተሰልፎ ልብሱን ግራና ቀኝ እየወጠረ ይከተላት ጀመር። ከየአቅጣጫው ሳቅ ፈነዳ።

መምህሩ ሳቁን ሰማ። ኮሌታውን ቀና አድርጎ፣ ሳይዞር፣ በደረቱ እንደኮራ፣ ከኋላው ትንፋሿ ለሚሰማው ልጅ በለሆሳስ ተናገረ።

«አይዞሽ፣ አትሸማቀቂ። ጢምሽን አይተው ነው። ልጆች ናቸው፤ ነገ ይረሱታል።»

«እሺ ጋሼ» አለችው። «ብቻ ቀስ ብለው ይሂዱልኝ፤ ተረከዝዎን እንዳልረግጠው።»